ሙሽራውን ጠይቆ የሚድር

መካነ ሰላም የሚያስተምር አንድ ወዳጄ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ከጀመረ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። «ጋሼ፣ ልግዛ እንዴ?» አለኝ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መግዣ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለመምህር ይህ ገንዘብ ቀልድ አይደለም። እኔም እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ትርፉ፣ ስለ ደንበኛው ብዛት፣ ስለ ቴሌብር ማስረዳት ያዝሁ። እስክጨርስ ታገሠኝና፣

«እሱንማ መግለጫው ላይ አየሁት። ጠባዩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«የማን ጠባይ?»

«የድርጅቱ ነዋ!»

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ ቀስ እያለ ጠፋ። ምክንያቱም ሰውየው የጠየቀኝ የለንደንና የኒውዮርክ የገንዘብ ቤቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጨነቁበት የኖሩትን ጥያቄ ነው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2004 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካስወጣው አንድ ሪፖርት ወዲህ ስም ወጥቶለታል። የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ጉዳዮች ይሉታል፤ በፈረንጆቹ ምህፃር ኢ.ኤስ.ጂ.። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወንዝ የሚበክል፣ ሠራተኛ የሚበድል፣ በዘመድ አዝማድ የሚተዳደር ኩባንያ ዛሬ ቢያተርፍም ነገ ባለ አክሲዮኑን ያከስራል። ስለዚህ የኢንቨስትመንት ተንታኙ የሒሳብ መዝገቡን ሲያገላብጥ ጠባዩንም አብሮ ይመርምር ነው። ይህን እኔም እቀበላለሁ። ጠቤ ከአመራመሩ ጋር ነው።

ተንታኙ እንዴት ይመረምራል? ኩባንያው ራሱ ያሳተመውን ዓመታዊ ሪፖርት ያነባል። መጠይቅ ይልካል። የጋዜጣ ወሬና የክስ መዝገብ ይለቃቅማል። ከዚያ የካርቦን ልቀቱን፣ የውኃ ፍጆታውን፣ የሥራ ላይ አደጋውን፣ የቦርዱን ነፃነት እያለ ነጥብ በነጥብ ይደምርና አንድ ማዕረግ ይለጥፍለታል። ፖሊሲ አላችሁ? አለን። ኮሚቴስ? እሱም አለ። ማሠልጠኛ? በየዓመቱ! በሉ እንግዲህ፣ ጥሩ ኩባንያ ናችሁ።

በቦረናም ሆነ በሳይንት ልጁን የሚድር አባት ሙሽራውን ጠርቶ «ልጄ፣ ጠባይህ እንዴት ነው?» አይለውም። ምን ሊመልስለት! የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው፤ አብሮት ያረሰውን፣ ገንዘብ ያበደረውን፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች። ሰባት ቤት ያስቆጥራል። ያን ሁሉ አጣርቶም አንዳንዴ ይሳሳታል። የኛ ተንታኝ ግን ሙሽራውን ጠይቆ ይድራል።

ሐሜት ከመሰላችሁ ቮልስዋገንን እዩ። የናፍጣ መኪኖቹ ምርመራ ላይ ሲቆሙ ብቻ ጭሳቸውን እንዲቀንሱ የሚያደርግ ፕሮግራም እንደተጫነባቸው የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ነው። በዚያው ወር የዳው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ኩባንያውን የመኪና ኢንዱስትሪው መሪ ብሎ ሰይሞት ነበር። የነገሩን ጭራ የያዙት ደግሞ መጠይቅ የላኩት አይደሉም፤ መኪናውን መንገድ ላይ አውጥተው እየነዱ ጭሱን የለኩት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው።

ማዕረግ ሰጪዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት የስድስቱን ማዕረግ ቢያነጻጽር፣ ሙሉ ስምምነት 1 ቢሆን የእነሱ አማካይ 0.54 ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቅዱስ ያለውን ሌላው ኃጥእ ይለዋል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የሚለካው ነገር ራሱ ነው። ከታላላቆቹ ማዕረግ ሰጪዎች አንዱ የሆነው ኤም.ኤስ.ሲ.አይ. ማዕረጉ የሚያሳየው ኩባንያው በዓለም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳይሆን በኩባንያው ገንዘብ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ መሆኑን አልደበቀም። ልብ በሉ! ወንዙ ታሞ እንደሆነ አይደለም የሚጠየቀው፤ የወንዙ መታመም ፋብሪካውን ያስከስሰው እንደሆነ ነው። ከሳሽ የሌለው ወንዝማ ከቁጥር አይገባም።

ከሳሽ የሌለው ወንዝ ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ከመካነ ሰላም ተሳፍራችሁ፣ በደሴ አድርጋችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ። በከተማዋ በኩል አልፈው ወደ ቦርከና የሚገቡት ወንዞች ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም ጨምሮ የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚቀበሉ ተመራማሪዎች ለክተው አሳትመዋል። ቦርከና ወርዶ አዋሽ እስኪገባ ድረስ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። የትኛው መጠይቅ ነው ከብት ጠባቂው ዘንድ የሚደርሰው?

ነገ ደግሞ አንዱ ባለሀብት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን፣ ያ እኛ የደንቆሮ ጫካ የምንለውን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበትን አገር፣ ተጠግቶ ሥራ ሊጀምር ቢመጣ፣ ቅጹ የሚጠይቀው «የብዝኃ ሕይወት ፖሊሲ አላችሁ?» ብሎ ነው። የትኛው ምንጭ በስንት ዓመቱ እንደደረቀ የሚያውቀው የጫካው ዳር ነዋሪ ስሙም አይነሣ።

«ለድሃ አገር ይህ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሥራ ይከፈት» የሚሉኝ አሉ። ለእነሱ ሁለት ነገር ላስታውስ። የሚድሮክ የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ለ10 ዓመት ታደሰ። የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ «መርዝ እያጠጣን ነው» ብሎ ወጣ። ፈቃዱ በታደሰ በሳምንታት ውስጥ ታገደ፤ ማዕድኑም ለዓመታት ቆመ። ያን ጊዜ የሒሳብ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ተንታኝ ምን አየ? ወርቅ። የአካባቢውን እናቶች የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ግን የሚመጣውን አስቀድሞ ይናገር ነበር። ጎረቤትን መጠየቅ ለባለ ገንዘቡም ይበጀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐዋሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዓለም ልብስ ሰፊዎች የመጨረሻው። በግል ድርጅት ላይ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሕግ ስላልነበረን ግን ኩባንያው ሕግ አክባሪ ነው፣ ነጥቡም አይቀነስበትም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። ወዲያው ደግሞ ከአጎዋ ተሰረዝን። አስቡት እንግዲህ፤ ሸሽቶ የወጣ ኩባንያ መዝገቡ ላይ አንድ ስጋት ተፋቀለት፣ ልጆቹ ግን ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቀያቸው ተመለሱ። እነሱ በየትኛው ዓምድ ተመዘገቡ?

አሁን አሜሪካ ውስጥ ነፋሱ ዞሯል። ትልልቆቹ የገንዘብ ቤቶች ይህን ጉዳይ መጥራት እያፈሩ ነው፤ ብላክሮክ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከአየር ንብረት ማኅበሩ ወጣ። እዚህም «ድሮም የፈረንጅ ተንኮል ነው» ብሎ እጁን የሚያፋጭ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። አጣሪው ሰነፍ ነው ተብሎ ሳይጣራ ይዳር አይባልም። አጣሪው ይለወጥ ነው የሚባለው።

ለእኛ ጊዜው አሁን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ገባ። የተንታኝነት ሙያ ገና እየተወለደ ነው። የፈረንጁን መጠይቅ ተርጉሞ ከመሙላት በፊት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሦስት ነገር ቢያስገድድ እላለሁ። ፋብሪካ ያለው ኩባንያ የፍሳሹን ልኬት ገለልተኛ ላቦራቶሪ ለክቶት በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ያውጣ። ተንታኙ ከሥራ አስኪያጁ በፊት ሠራተኛውንና የወንዙን ታችኛ ሰው ያነጋግር፤ ያነጋገረበትንም ቀን ይጻፍ። ሦስተኛው፣ መንግሥት ባለቤት በሆነበት ድርጅት ማን ማንን እንደሚያዝ በግልጽ ይነገር።

ይህ ሦስተኛው ወደ መምህሩ ይመልሰኛል። «ጠባዩ» ሲለኝ ምን አስቦ እንደነበር አልጠፋኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ዝጋ ሲባል ቦርዱ ይጠየቃል? ባለ አክሲዮኑስ? ለሽያጭ የቀረበው 10 በመቶ፣ 90 በመቶው የመንግሥት ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሽያጩ ሲያበቃ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል፣ የገዛው ሰው ደግሞ 47,377 ነው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስንቱ ይሆን እንደ መምህሩ ጠይቆ መልስ ያጣው?

ኋላ ደውዬ፣ «ገዛህ ወይ?» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣» አለኝ፣ «አንተም እኮ የነገርኸኝ መግለጫው ላይ ያለውን ነው።»