ለአዘዞ ካሜራ ገዢ ከሜጋፒክስል ይልቅ ብርሃን ይቆጠር

በጎንደርም ሆነ በአዘዞ አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ የሚነገረው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነና ዙሙ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። በካርቶኑ ላይ ደምቀው የሚታተሙት እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሻጩ ያነባቸዋል፤ ደላላው ይደግማቸዋል፤ ገዢውም ትልቁን ቁጥር መርጦ ይሄዳል። ይሁንና ካሜራው የወጣበትን ብር መልሶ ለማምጣት መቻሉን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ፊልምን የተካው የምስል መቀበያ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የሌንሱ ቀዳዳ የሚከፈትበት ልክ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ካሜራው ስንት ብርሃን እንደሚሰበስብ ይናገራሉ።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. 2024 ሳያልቅ ከ120 ብር አልፏል። የ1 ሺህ ዶላር ካሜራ ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብበት ከ57 ሺህ ብር ወደ 120 ሺህ ብር ተሻገረ ማለት ነው። ካሜራ ደግሞ አገር ውስጥ አይመረትም። ባትሪውም ሆነ መለዋወጫው በዶላር የሚመጣ ነው። ቀድሞ የተሳሳተ ምርጫ የኪስ ገንዘብ ያስከፍል ነበር፤ አሁን አንድ ሙሉ የዕቁብ ዕጣ ይበላል።

አዘዞ ለዚህ ሒሳብ ጥሩ ማሳያ ናት። ከጎንደር መሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ሥፍራ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ መገኛ ናት። የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶችም የሚለያዩት እዚሁ ነው። በአየር የሚመጣ እንግዳ ጎንደርን ማየት የሚጀምረው ከአዘዞ ነው። ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው ፋሲል ግቢ፣ ከዚያም በደባርቅ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል። በዚህ መስመር አስጎብኚው፣ መኪና አከራዩ፣ የፎቶ ቤት ባለቤቱና መንገድ ላይ ፎቶ አንስቶ የሚሸጠው ወጣት ሁሉም አነስተኛ ካሜራ ይፈልጋሉ።

እርግጥ ነው፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግጭቱ የውጭ ጎብኚውን ገበያ ክፉኛ ጎድቶታል። ይህም ካሜራ ከመግዛት የሚያስቀር ሳይሆን በጥንቃቄ እንዲገዛ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። ገቢው በሳሳበት ወቅት ዕቃው በጥቂት የሥራ ቀናት ራሱን መክፈል ይኖርበታል።

ተፎካካሪው ኪስ ውስጥ ነው

የመጀመሪያው ጥያቄ ከካሜራዎቹ የትኛው ይሻላል የሚል መሆን የለበትም። ካሜራው በኪስ ካለው የእጅ ስልክ ይሻላል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር አኃዝ መልሱን ይጠቁማል። ሌንሳቸው የማይነቀል ዲጂታል ካሜራዎች ለዓለም ገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በታች ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ ስልኩ ገበያውን ጠራርጎ ወስዶታል።

በሥራ ደረጃም ስልኩ የሚናቅ አይደለም። አዲስ አበባዊው ግርማ በርታ የመዲናዋን የጎዳና ሰዎች በእጅ ስልክ አንስቶ ባዘጋጀው ተከታታይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ ሽልማት አግኝቷል። የእሱ ልምድ የሚያስተምረው ዓይን ያለው ሰው በጥሩ ብርሃን ከስልኩ ሌላ ብዙም እንደማያስፈልገው ነው። ስለዚህ ካሜራ የሚገዛው ስልክ የማይሠራውን ለመሥራት ነው። እሱንም የማይሠራ ካሜራ በርካሽ ቢሸጥም ውድ ነው።

በገበያው ብዛት ያላቸው ርካሽና አሮጌ ትናንሽ ካሜራዎች የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው። አብዛኞቹ የሚይዙት ባለ 1/2.3 ኢንች ሴንሰር 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ነው ያለው፤ ይህም ከጥሩ ስልክ ሴንሰር እምብዛም የማይሻል ነው። ዙሙ 20 ወይም 30 እጥፍ ቢያቀርብም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምስሉ ይሻግታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የብርሃን ሒሳብ

ባለ 1 ኢንች የሚባለው ሴንሰር 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከትንሹ አራት እጥፍ ነው። ኤፒኤስ ሲ የሚባለው ደግሞ 366 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ1 ኢንቹን ሦስት እጥፍ ያህላል። በሌንስ በኩል ኤፍ 1.8 የሚል ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ከሚለው ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ገዢው ልብ ሊል ይገባል፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይመስለዋል።

ይህ ሒሳብ ጎንደር ላይ ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት ጥምቀትን መውሰድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ በዓል በፋሲል መዋኛ የሚደምቀው ጥር 11 ገና ሳይነጋ ጀምሮ ነው። ጸሎቱና ጧፉ በጨለማ፣ ውኃው ውስጥ የሚዘለለው ደግሞ ጠዋት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሚነሳው ፎቶ የተሻለ የሚፈለገው የእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ፎቶ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ ነው። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ያሉት በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ለጥንታዊ ሥዕል አይመከርም። በሁለቱም ቦታ 30 እጥፍ ዙም አንዳች አይፈይድም፤ ሰፊ ሴንሰርና ሰፊ ቀዳዳ ግን ፎቶውን ያድናሉ።

በቀኑ ብርሃን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከባሕር ወለል 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ትከብዳለች፤ ሕዝቡም ነጭ ነጠላ ለብሶ ይወጣል። ካሜራው በራሱ ሲሠራ ብዙ ነጭ ባየ ቁጥር ምስሉን ያጠቁራል፤ የሰዎቹ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ገዢው የብርሃኑን መጠን በጣት ንክኪ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ማዞሪያና ያልተጨመቀ ጥሬ ምስል የሚያስቀምጥ ካሜራ ያስፈልገዋል። በዚያው ፀሐይ የጀርባው ስክሪን አይታይም። ስለዚህ ዓይን የሚጠጋበት ማያ መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

ስለ ሜጋፒክስልም የሚባለው አጭር ነው። 20 ሜጋፒክስል በጥሩ የኅትመት ጥራት 30 በ45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፎቶ ያወጣል። ከፎቶ ቤት ደንበኞች ብዙዎቹ ከዚህ የበለጠ አያሳትሙም።

ሦስቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው መደብ ባለ 1 ኢንች ሴንሰርና አጭር ዙም ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሦስተኛው ሶኒ አርኤክስ 100 ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ያለው ሲሆን ተጭኖ ብቅ የሚል የዓይን ማያም አለው። ክብደቱ 290 ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሁለተኛው ካኖን ጂ 7 ኤክስ የዓይን ማያ ባይኖረውም ዙሙ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል፤ የብርሃን ማስተካከያ ማዞሪያውም ከላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው መደብ በዚያው ሴንሰር ረጅም ዙም ያላቸው ናቸው። ስድስተኛውና ሰባተኛው አርኤክስ 100 እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ሲወጡ ዙማቸው 200 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ነገር ግን ሌንሳቸው ከኤፍ 2.8 ጀምሮ ወደ 4.5 ይጠብባል። ትርፉ ርቀት ነው፤ ዋጋው ብርሃን ነው። የሰሜን ተራራ ዋልያና ጭላዳ ለማንሳት የሚወጣ አስጎብኚ በቀን ስለሚሠራ ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የጥምቀት ንጋትን የሚሸጥ ሰው ግን ይጎዳበታል።

ሦስተኛው መደብ ሰፊ ሴንሰርና የማይንቀሳቀስ አንድ ሌንስ ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሦስተኛው ሪኮ ጂአር 257 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በሸሚዝ ኪስ የሚገባና እንደ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያይ ነው። ለጎዳና ፎቶ ከዚህ የተሻለ ጸጥተኛ መሣሪያ ማግኘት ያዳግታል። ዙም ግን የለውም፤ የዓይን ማያ የለውም፤ በአንድ ባትሪም የሚያነሳው 200 ያህል ፎቶ ብቻ ነው። አቧራ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ማረፉም በተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ቅሬታ ነው። አቧራው በበጋ ለማያባራበት የመተማ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ 100 ስድስተኛው ዝርያ በበኩሉ ዙም ባይኖረውም የዓይን ማያ አለው፤ ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር መሆኑ ግን አብዛኛውን የአዘዞ ገዢ ከውድድሩ ያስወጣዋል።

ከዝና የሚመጣ ዋጋ

ነጋዴው ከፉጂፊልሙ ሌላም ትምህርት ማግኘት ይችላል። አምስተኛው ዝርያ፣ ኤክስ 100 ቪ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1,399 ዶላር ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቲክቶክ ዝናው ሲነሳ ከሱቅ ጠፋ፤ ያገለገለው ከአዲሱ ዋጋ በላይ መሸጥ ጀመረ። ካሜራው በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተሻሻለም። የጨመረው ፈላጊው ብቻ ነው። አከማችቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ተተኪው ሞዴል የሚወጣበትን ቀን አምራቹ እንጂ እሱ እንደማይወስን ሊያስታውስ ይገባል። ለመሥራት የሚገዛም ሰው የሌላውን ሰው ጉጉት በራሱ ብር መክፈል የለበትም።

ትክክለኛው ስሌት የመግዣ ዋጋን ብቻ አይመለከትም። ለምሳሌ ያህል በ60 ሺህ ብር የተገዛ ያገለገለ ካሜራ ከሦስት ዓመት በኋላ በ36 ሺህ ብር ቢሸጥ የወር ወጪው 667 ብር ነው። ሰው የማይፈልገው የ15 ሺህ ብር ካሜራ በሦስት ዓመት ዋጋ ቢያጣ የወር ወጪው 417 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 250 ብር ነው። የመጀመሪያው ስልክ የማያነሳውን ያነሳል፤ ሁለተኛው ስልክ የሚያነሳውን ይደግማል።

ብሩ ከመቆጠሩ በፊት

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዳይደርስ ጥቂት ፍተሻዎች በቂ ናቸው። ካሜራው ደጋግሞ ይከፈትና ይዘጋ፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ከተንገጫገጨ ጥገናው ውድ ነው። ቀዳዳው እጅግ ጠብቦ ጥርት ያለ ሰማይ ይነሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ አቧራ አለ። ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን ይታይ። የምናሌው ቋንቋም ይፈተሽ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ ስለሌላቸው መልሶ መሸጫ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። በዩኤስቢ የሚሞላ መሆኑም ይረጋገጥ። መብራት በሚጠፋበት ከተማና በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች ለሚያድር ሰው ከስልክ ጋር አንድ ተንቀሳቃሽ ባትሪ መጋራት ትልቅ ነገር ነው።

ለአዘዞ ሠራተኛ ከትንሽነት የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ። አውሮፕላን ማረፊያና የጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ትልቅ ካሜራ ጥርጣሬ ይጠራል። ትንሹም ቢሆን ወደነዚያ ቦታዎች ማነጣጠር የለበትም፤ የሰው ፊትም ያለፈቃድ አይነሳም። ፈቃድ ሲጠየቅ ግን ትንሽ ካሜራ የያዘውን ሰው ሕዝቡ አይሸሸውም።

እንግዲህ አንድ ካሜራ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው፣ በጎዳናም በጉዞም ሊሠራበት የሚፈልግ የአዘዞ ሰው የመጀመሪያውን መደብ ቢመርጥ ይሻለዋል። ያገለገለ፣ የተፈተሸ፣ ባለ 1 ኢንች ሴንሰርና ከኤፍ 1.8 የሚጀምር ሌንስ ያለው ካሜራ ይግዛ። በዓይን ማያው ምክንያት ሶኒው ከካኖኑ ይቀድማል። ጎዳናን ብቻ የሚያነሳ ሪኮውን፣ ተራራን ብቻ የሚያነሳ ረጅሙን ዙም ይውሰድ። ከዚህ በታች ያለው ግን ስልኩን ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል፤ በሚተርፈው ብርም ጥር 11 ሌሊት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚሄድበትን ትራንስፖርትና ጧት የሚያሳትምበትን ወረቀት ይግዛ።