ድግሱ ለጥር ይቆይ

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ምድር ያልተሰማበት ቀዬ የለም። አባባሉ ፊደል ያልቆጠረ፣ ነገር ግን የፊደልን ኃይል በደረሰበት ጉዳት የተረዳ ሰው ቃል ነው። የማያነበውን ወረቀት በአውራ ጣቱ የፈረመ፣ እውነት ይዞ በችሎት የተረታ፣ ልጁን በሚድን በሽታ የቀበረ ሰው እንዲህ ቢል አያስደንቅም። በተማረ ሰው እጅ መውደቅን እንኳ እንደ ዕድል የቆጠረ ሕዝብ፣ የገዛ ልጁ ተምሮ ሲመለስለት ቢደሰት፣ ደስታውንም ጎረቤት ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ ቢገልጥ ማን ይፈርድበታል? ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ይሁን እንጂ «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው በተማረው ልጁ ድግስ ልሙት አላለም። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የሚታየው ይኸው ነው።

ለአብነት እንፍራንዝን መውሰድ ይቻላል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በዚህ አገር ገበሬው የሚኖረው በበሬው ጫንቃ ነው። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲማር ቤቱ ያለውን ሁሉ ሲያካፍል ኖሯል። እናት የዶሮና የቅቤ ገንዘቧን፣ አባት የሽምብራና የጤፍ ሽያጩን ልከውለታል። ከዚያም የምርቃቱ ቀን ይቆረጣል። ወዲያው ብቅል ይበቅላል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጥንስስ ይጣላል። ቀድሞ በዳስና በቄጠማ ይበቃ የነበረው ዛሬ የኪራይ ድንኳን፣ የድምፅ ማጉያ፣ ቪዲዮ አንሺ፣ ኬክ፣ የልጁ ምስል በጋዋንና በቆብ የታተመበት ትልቅ ሸራ ታክሎበታል። የጎረቤት ልጅ የተደገሰለት ያህል ካልተደገሰ ሐሜቱ አያስቀምጥም። ስለዚህ አባት ያለውን ይሸጣል፤ ያ ካልበቃው ደጅ ጠንቶ ይበደራል፤ ያም ካልሆነለት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜው ነው። የኮሌጆቹና የዩኒቨርሲቲዎቹ ምርቃት በአብዛኛው የሚውለው በሰኔና በሐምሌ ነው። ሰኔና ሐምሌ ለገበሬው ምን እንደ ሆኑ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጎተራው ተሟጦ ክረምቱን የሚያሻግረው እህል በቁና የሚሰፈርበት፣ የጤፍ ማሳው ተደጋግሞ የሚታረስበት፣ በሬ ከሰው እኩል የሚከበርበት ወቅት ነው። ሕዝቡ ሠርጉን በጥር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር አዝመራው ተሰብስቧል፤ አውድማው ተጠርጓል፤ በሬውም አርፏል። በጥር የሚደግስ ሰው ከትርፉ ይደግሳል። በሰኔ የሚደግስ ሰው ግን ከዘሩና ከቀንበሩ ይደግሳል። አያቶች በብዙ ዘመን ልምድ የቀመሩትን ይህን የድግስ የጊዜ ሰሌዳ፣ የትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ገለበጠው። ያ ሁሉ ዘመናዊ ዕውቀት ከቤት ሲገባ ያመጣው የመጀመሪያ ውጤት የቀድሞውን ዕውቀት ማስረሳት ከሆነ፣ ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ጉዳቱም በአንድ ቤት አይቆምም። ጥማድ የሌለው ገበሬ ያለውን አንድ በሬ ከጎረቤቱ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ ያርሳል፤ ሕዝቡ ይህን መቀናጆ ይለዋል። እንግዲህ አባት ያንን አንድ በሬ ለምርቃት ካረደው ወይም ለድግሱ ወጪ ከሸጠው፣ የጎረቤቱም በሬ ያለ ጓድ ቀረ ማለት ነው። በዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ሥጋ የቀረበለት ያ ጎረቤት የበላው የራሱን የክረምት እርሻ ነው። የታረደው በሬ ግማሽ ጉልበቱ የእርሱ ነበርና! እንዲህ ያለውን ድግስ «የጋራ ደስታ» ብሎ መጥራት ቃልን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ገና በማለዳው አንስቶት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። ተመልሶም በተዝካርና በሠርግ ስም ስለሚባክነው ሀብት ከዘመዶቹ ጋር ይሟገታል። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ማለት የድግስን ብክነት የሚሞግት ሰው ነበር። ዛሬ ከዘጠና ዓመት በኋላ ነገሩ ተገልብጦ የተማረው ሰው ራሱ የብክነቱ ምክንያት ሆኗል። አወቀ ዘመዶቹን ተከራክሮ ሊያሳምን ደከመ፤ የዛሬው ተመራቂ ግን ጋዋኑን ለብሶ በድንኳኑ መካከል ከፍ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አባቱ የማንን ገንዘብ እንደ ተበደረ አይጠይቅም። አራት ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተምሮ የቤቱን ዕዳ ማስላት የተሳነው ምሩቅ የተማረው ምኑን ነው?

ሰውን ባበላው ሰው ብዛት የመመዘን ልማድ ከየት እንደ መጣ ማወቅም ይጠቅማል። ከእንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታ ላይ የሚታየው የጉዛራ ቤተ መንግሥት በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ፣ ለጎንደር አብያተ መንግሥት ፈር ቀዳጅ የሆነ ሕንፃ ነው። በቤተ መንግሥት ግብር ማብላት የሹመትና የክብር ማሳያ ነበር። ነገር ግን ንጉሥ ግብር የሚያበላው ከገበሬው በሰበሰበው ግብር ነው፤ አንዱ ቃል ሁለቱንም የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ገበሬ ግን ግብር የሚያገባለት ሌላ ገበሬ የለውም። የንጉሥን ወግ በገበሬ አቅም ለመፈጸም የሚነሣ ቤት ገባሪውም አብይውም ራሱ ይሆናል፤ ከራሱ ሰብስቦ ራሱን ይጨርሳል።

ምርቃት የሚለው ቃል ራሱ የሚያስተምረው ሌላ ነው። መመረቅ መባረክ ነው፤ ምሩቅ ማለትም ቡራኬ የተቀበለ ሰው ነው። በቀድሞው የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ ለምኖ ይማር ነበር። ድጓውን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ፣ አቋቋሙን በጎንደር ሲማር ዓመታት ያልፋሉ። ቁራሹን የሰጠው የማያውቀው አገር ሰው ነበር። ሲያስመሰክርም መምህሩ ይመርቁታል፤ የምርቃቱም ፍሬ ነገር «ሂድና አስተምር» ነው። ዕውቀቱ የሁሉ ቁራሽ የገባበት ስለ ነበረ የብቻው ሊሆን አይችልም። ያ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረው፤ ሴቶችን በአመዛኙ ከደጅ አስቀርቷል፤ ዕውቀቱንም በጠባብ ክልል አጥሯል። ስለ ምርቃት የነበረው አስተሳሰብ ግን ዛሬ ካለው የጠራ ነበር።

ዘመናዊውም ትምህርት ሲጀመር ይህን አልዘነጋም። በ1945 ዓ.ም ገደማ ከእንፍራንዝ ብዙም በማይርቀው በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ መዓት በኋላ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ያ ኮሌጅ አድጎ በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲሠማሩ ታስቦ ነበር። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮም የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ሠሩ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፤ አገልግሎት ይቀድማል ወይም ወዲያው ይከተላል፤ ክብር የሚመጣው ከአገልግሎት ጋር ነው። ያ ሐሳብ ተረስቶ ጋዋኑ ብቻ ቀረ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው የገበሬውን ደስታ ከከተማ ወንበር ላይ ሆኖ መንቀፍ ነውር ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። በሆቴል አዳራሽ በሰፊው የሚደግስ የከተማ ምሁር የእንፍራንዝን ገበሬ «ኋላቀር» ሲል ቢሰማ የሚያስነውረው ራሱን ነው። የገበሬው ድግስ ባዶ ጉራ አይደለም። ገበሬው ልጁን ያስተማረው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ድግሱም ለመንደሩ ሁሉ የሚያቀርበው ምስጋና ነው። በአገሩም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ምስጋናው ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ባለ ዕዳው ሌላ ሆኖ ሳለ ከፋዩ አባት መሆኑ ነው። መንደሩን ማመስገን ያለበት የተማረው ልጅ ነው። በአባቱ በሬ ሳይሆን በራሱ ዕውቀትና በራሱ ላብ ያመስግን!

ሁለተኛው ተቃውሞ መመረቅ እንደ ዛሬ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ድግሱ ይበዛበታል ወይ የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት ከትምህርት ርቀዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ለአንዱ ያለፈ ልጅ ድንኳኑ ይስፋ ማለትን ነው? ወይስ የቀሩት ዘጠና ከመቶ በላይ ልጆች ከዚያው ድንኳን ውጭ ቆመው እንደሚያዩ ማስታወስን ነው? መቶ ሰው ወንዝ ሊሻገር ገብቶ ሦስቱ ቢወጡ፣ ከማዶ የወጡት ገመድ ይወረውራሉ እንጂ ከበሮ አይመቱም።

ደግሞም ከድንኳኑ ጓዳ ያለችውን እኅት የሚያያት የለም። ወንድሟ ከተማ ሲማር ውኃ የቀዳች፣ ከብት የጠበቀች፣ ምናልባትም ደብተሯን ያስቀመጠች እርሷ ናት። በምርቃቱ ዕለትም እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ፣ ዕቃ ስታጥብ ትውላለች። ፎቶግራፍ ሲነሣ «ነይ» ሲሏት በጭስ የቀላ ዓይኗን እያበሰች ከዳር ትቆማለች። የድግሱ ወጪ በርካታ ዓመት ሊያስተምራት ይችል ነበር።

ድግሱ ለተመራቂውም ቢሆን ወጥመድ ነው። ሥራ እንደ ዲፕሎማው ፈጥኖ አይገኝም። ያ ሁሉ የተደገሰለት ልጅ መስከረም ጠብቶ ሥራ ሲያጣ፣ የአባቱን ሞፈር መጨበጥ ውርደት ይመስለዋል። ከበላተኞቹ ዓይን ለመሸሽ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል፤ በመተማ የሰሊጥ ማሳ ለዕለት ሙያተኛነት ስሙን ደብቆ ይሰለፋል። በሰኔ «ኩራታችን» የተባለው በጥቅምት ያፍራል። ያሳፈረው ሥራ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ያሳደደው ድንኳኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ድግሱ አይቅር፤ ለጥር ይቆይ። በሰኔ ልጁ ሲመጣ ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ፣ ሽማግሌ ጠርቶ ይመርቀው፤ ይህ በቂ ነው። ከሰኔ እስከ ጥር ያለው ሰባት ወር የተመራቂው ፈተና ይሁን። ሥራ ያገኘ ከደመወዙ ለታናናሾቹ ያካፍል። ያላገኘም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ የመንደሩን ልጆች በክረምት ያስጠና፤ የእድሩንና የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መዝገብ ያስተካክል፤ ከአባቱ ጋር ይረስ። በጥር አዝመራው ሲገባ ዳሱ ይጣል። በዳሱም ከፍ ያለው ወንበር ተመራቂው የሚቀመጥበት ሳይሆን ሀሁ ያስቆጠሩት መምህር የሚቀመጡበት ይሁን። ከጎናቸው የመቀናጆው ጎረቤት ይቀመጥ፤ እኅቲቱም ከጓዳ ወጥታ በመካከል ትቀመጥ። ተመራቂውም ተነሥቶ በሰባት ወር ውስጥ የሠራውን ለመንደሩ ይናገር። ያን ጊዜ ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ቢመርቅ ምርቃቱ ቦታውን ያገኛል።

ይህን ለማስለመድ ከሁሉ ይልቅ ኃላፊነት ያለባቸው አስተማሪዎች፣ ካድሬዎችና የኪነ ጥበብ ሰዎች ናቸው። ካድሬው በስብሰባ ስለ ቁጠባ ተናግሮ ማታ በተበዳሪው ድንኳን የክብር እንግዳ ሆኖ መቀመጡን ይተው። አስተማሪው ለልጆች ትምህርት የግል መሸሻ መንገድ ነው የሚለውን ስብከት ይተው። ገጣሚውና ዘፋኙም ጋዋንን ማወደስ ይብቃቸው፤ የጋዋን ውበት በአንድ ቀን ኪራይ ያልቃል። የቴአትር ሰው ደግሞ ድንኳኑ በተነቀለ ማግሥት ባለው ጠዋት ላይ ይጻፍ። በዚያ ጠዋት አባት በአንድ እጁ የዕዳ ወረቀት፣ በሌላው ባዶ ቀንበር ይዞ በደጁ ይቆማል። ወረቀቱን ማንበብ የሚችለው በቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ተነሥቶ ያንብበው!