የጳጉሜን ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ በጣና ዳር ስንመላለስ ከተማሪዎቼ አንዱ ችግሩን አጫወተኝ። ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ. ም. ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ ግን የኮምፒዩተሩ ቅጽ ከ12 ወር በላይ አልቀበልም ስላለ፣ ጸሐፊው «ምን ቸገረህ፣ የማግሥቱ ይሁንልህ» ብሎ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ. ም. ብሎ ሞላለት። የአንድ ቀን ልዩነት በወረቀት ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት ሆነና፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ስላልተስማማ ማመልከቻው ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል።

«መምህር፣ ኮምፒዩተር ጳጉሜንን አያውቅም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ኮምፒዩተርማ የፈረንጁንም ወር አያውቅ! ዩኒክስ በሚባለው አቆጣጠር የሚቆጠረው ሰከንድ ብቻ ነው። መነሻውም በግሪንዊች ሰዓት ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ. ም.፣ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ጥፋቱ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው።

ብዙዎቹ ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎች የእኛን ቀን አስቀድመው ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጣሉ፤ 7 ዓመት ልጨምር ወይስ 8 እያሉም ይደናገራሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው። እርሳስ ያንሡና በራሳችን አቆጣጠር ይሞክሩት። ከመስከረም 1 ቀን 1962 እስከ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ. ም. 38 ዓመት ነው፤ በ365 ቢያበዙት 13,870 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው ዓመታት ከ1963 እስከ 1999 ዓ. ም. በየአራት ዓመቱ 10 ስለሆኑ 13,880 ይደርሳል። በ1962 ዓ. ም. ከታኅሣሥ 23 በፊት ያለፈውን 112 ቀን ሲቀንሱ 13,768 ይቀራል። ልጁ የተወለደው ከዚያ በአንድ ቀን ቀድሞ ነውና 13,767። ይህን በ86,400 ሲያበዙ 1,189,468,800 ሰከንድ ያገኛሉ። ወሮቻችን 30፣ 30 ስለሆኑ «ይህኛው 31 ነው ወይስ 28?» የሚባል ጣጣ የለም።

የሰዓቱ ነገር የባሰ ያሳስታል። ያ ቁጥር የዚያን ዕለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ልጁ የተወለደው ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ 6 ሰዓት፣ ማለት 21,600 ሰከንድ ይጨመርበታል። በቅጹ ላይ እንዲያው 3 ብለው ቢጽፉ ግን ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥርና ልጁን በጨለማ ያስወልደዋል። (ከውጭ አገር እንግዳ ጋር «በ3 ሰዓት ወደ ዘጌ» ብሎ የተቀጣጠረ ጀልባ ነጂ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል።)

ልጁ ስሌቱን በደብተሩ ገልብጦ ሰኞ ወደ መሥሪያ ቤቱ እመለሳለሁ ብሏል። እንዲህ ያለ ቅጽ በእጅዎ የሚገኝ ጸሐፊ ከሆኑ፣ እባክዎ 13ኛውን ወር ያስጨምሩለት።