ስም የሌለው ቁልፍ

ሙግቱ፦ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች፣ ከሌሎች የስልክ መተግበሪያዎች ጀርባ ሆኖ ስክሪኑን የሚያነብ አገልግሎት የኢሉባቦር ወጣቶች ራሳቸው ሠርተው ያከፋፍሉ ወይ? ይሠራ የሚሉት መቱ ከተማ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር መምህር ናቸው። አይሠራ የምትለው በደሌ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ የባንክ ሶፍትዌር የምትሠራ ባለሙያ ናት።

ይሠራ

ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ስገባ የሰጡኝ የብሬይል መጻፊያ፣ ስሌትና ስታይለስ፣ ነበር። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ደመወዜ በሱ ይገባል፣ የቤት ኪራዬ በሱ ይወጣል። መቱ ገበያ ቅዳሜ ጎመን የምትሸጠው ሴት እንኳ "በስልክ ላክልኝ" ትለኛለች።

ስልኩ የሚያናግረኝ ቶክባክ በሚባል ፕሮግራም ነው። ቶክባክ ሁልጊዜ ከጀርባ ነቅቶ ይቀመጣል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ ሳንሸራትት ከሥሩ ያለውን ነገር ስም ይጠራልኛል፤ ሁለቴ መታ መታ ሳደርግ ይጫንልኛል። ስም የሚጠራው ግን መተግበሪያውን የሠራው ሰው ስም ከሰጠው ነው። ሠሪው ሥዕል ብቻ ለጥፎ ካለፈ ቶክባክ በእንግሊዝኛ "አንሌብልድ፣ በተን" ይላል። ስም የለሽ ቁልፍ ማለቱ ነው።

አንድ የባንክ መተግበሪያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ስምንት ቁልፎች ተደርድረው ነበር። በቃሌ ያዝኋቸው። ከላይ ሦስተኛው ቀሪ ሒሳብ፣ ከሱ በስተቀኝ ያለው ማስተላለፊያ፣ ከሥር የመጀመሪያው የአየር ሰዓት። ከዚያ አንድ ሌሊት መተግበሪያው ታደሰ፤ ቁልፎቹ ቦታ ተለዋወጡ። ጠዋት ለእህቴ ልጅ የደብተር መግዣ ብዬ የላክሁት 1,500 ብር የአየር ሰዓት ሆኖ በራሴው ስልክ ገባ። በዚያ ሰሞን ያልደወልሁለት ዘመድ የለም።

"በኮከብና በመሰላል ደውል" የሚሉኝ አሉ። እደውላለሁ። ዝርዝሩ ይመጣል፤ ቶክባክ ከአንድ እስከ ስምንት አንብቦ ሳይጨርስ መስመሩ ጊዜው አልፏል ብሎ ይዘጋል።

ቋንቋውም አለ። ኢሉባቦር የሚነግደው፣ የሚማረውና የሚጨቃጨቀው በኦሮምኛ ነው። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፈ መልእክት ሲደርሰኝ ግን የስልኩ ድምፅ እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ "ሲ" የምትባለው ፊደል ቁቤ ውስጥ ድምፅዋ "ጨ" ነው፤ ስልኩ "ከ" ይላታል። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ለኔ ካፌ ኦሮሚያ ነው። ካፌው አዋጅ አወጣ፣ ካፌው ስብሰባውን ጨረሰ እያለ ያነብልኛል። አማርኛ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ካልተጫነበት ጭራሹን ዝም ይላል፤ መልእክቱ ባዶ ነው ብዬ የተውሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለ ልጅ፣ ክረምቱን ቤት ተቀምጦ መላ ፈጠረ። የቶክባክ ኮድ ክፍት ነው፤ ጉግል ራሱ ለሕዝብ አውጥቶታል። ልጁ ያን ወስዶ ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛው ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ድምፅ ነው። ኢስፒክ አማርኛም ኦሮምኛም ያውቃል፤ አነጋገሩ ቆርቆሮ እንደሚመታ ነው፣ ግን ጨፌን ጨፌ ይላል። ሁለተኛው መዝገብ ነው። የሚያይ ሰው ስም የለሿን ቁልፍ አንዴ ስም ያወጣላታል፤ ከዚያ ወዲያ አገልግሎቱ ባገኛት ቁጥር በዚያ ስም ይጠራታል። መቱ ላይ የወጣው ስም ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ ላለውም ሰው ይደርሳል።

ጎሬ የምትኖር ማየት የተሳናት ቡና ነጋዴ አውቃለሁ። የሚስጥር ቁጥሯን የሚያስገባላት የ11 ዓመት የልጅ ልጇ ነው። እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ገንዘቧም አብሮት ይሄዳል። የቡና ገዢው ጠዋት ከመጣ እስከ ቀትር ይጠብቃታል፣ ወይም ሌላ ዘንድ ይሄዳል።

ባለሙያዎች "ባንኮቹ ያስተካክሉ" ይላሉ። ያስተካክሉ እንጂ! ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ደርሷል፤ የኔ ቁልፍ ግን እስካሁን ስም አልወጣላትም። ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትም "ጊዜው ሲደርስ ሌላ ሰው ይሠራዋል" አላለም። አደጋ አለው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ሆኖ መፍራት ቀላል ነው።

አይሠራ

መምህር፣ የካፌ ኦሮሚያን ነገር ሳነብ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኬ ላይ ቶክባክን ከፍቼ እኔ የሠራሁትን ገጽ ሞከርኩት። ውጤቱን ለጊዜው አልናገርም።

ግን ስለምን ዓይነት ፈቃድ እያወራን እንደሆነ ይታወቅ። አንድሮይድ ይህን በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የጉግል መሐንዲስ የሆነው ዓይነ ስውሩ ቲ. ቪ. ራማን ከባልደረባው ጋር ቶክባክን ያወጣው ያኔ ነው። የተደራሽነት ፈቃድ ያገኘ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባል፣ በባለስልኩ ፈንታ ይጫናል፣ ይጽፋል፣ ገጽ በተለወጠ ቁጥር ይነገረዋል። ለዓይነ ስውር ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ለሌባም እንዲሁ።

ሲንጋፖርን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በሚጫን ተንኮለኛ ፕሮግራም የተፈጸሙ 1,900 የሚጠጉ የማጭበርበር ወንጀሎች ለፖሊስ ሪፖርት ተደርገዋል፤ የጠፋው ቢያንስ 34 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ነው። ዘዴው የታወቀ ነበር፦ ሰውየው በመልእክት የተላከለትን ፋይል ይጭናል፣ የተደራሽነት ፈቃድ ይሰጠዋል፣ የቀረውን ፕሮግራሙ ይሠራዋል። አውሮፓን ያመሰውና እ.ኤ.አ. በ2022 የ11 አገሮች ፖሊስ ተባብሮ ያስቆመው ፍሉቦት የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራምም በዚሁ በር ነበር የሚገባው። ሲንጋፖር ውስጥ የባንክ መተግበሪያዎች ከመተግበሪያ መደብር ውጭ የተጫነ፣ እንዲህ ያለ ፈቃድ የያዘ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ካገኙ አንከፈትም ማለት ጀመሩ። እዚህም ነገ እንዲሁ ቢሆን መጀመሪያ የሚዘጋበት ማን ይመስልዎታል?

እኛ ዘንድ መተግበሪያ የሚዞረው በዜንደርና በቴሌግራም ነው። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ በዚህ መንገድ የገባ ፕሮግራም የተደራሽነት ፈቃድ እንዳያገኝ ስልኩ ራሱ ያግደዋል። የተማሪዎን ሥራ ለማስጀመር እገዳውን እንዴት እንደሚያነሱ ሰዎችን ማስተማር ሊኖርብዎት ነው። ያን ቀን የሚሰጡት ትምህርት አጭበርባሪ በስልክ ደውሎ ከሚሰጠው ጋር ቃል በቃል አንድ ይሆናል። ለጥቃት የተጋለጡ ሰዎችን እንዲህ ማለማመድ ያስፈራኛል። ደግሞ እኛ አገር የሚበዙት ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራን ፕሮግራም ሳያስጠነቅቁ ያጠፋሉ። መብራት በሄደበት ምሽት፣ ባትሪው 15 በመቶ ሲደርስ፣ ገንዘብ እያስተላለፉ ሳለ ድምፁ ቢቋረጥስ?

ስም መስጠት ለሠሪው አንድ መስመር ኮድ ነው። ችግሩ እኛ ሠሪዎቹ ነን፤ ይህ የኢትዮጵያ ጉድ ብቻ አይደለም። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መርምሮ 95.9 በመቶው ላይ የተደራሽነት ስህተት አግኝቷል። ከላይ የሚለጠፍ ማስተካከያ ይህን አያድነውም። "በአንድ መስመር ድረ ገጽዎን ተደራሽ አደርጋለሁ" እያለ ሲሸጥ የነበረው አክሰሲቢ፣ ማስታወቂያው አሳሳች ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

የሚያነብ ድምፅ የሚያስፈልገው ሰውም ከሁሉ ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውር የሆነው 1.6 በመቶ፣ ዝቅተኛ እይታ ያለው ደግሞ 3.7 በመቶ ነው። ለነዚህ የሚበጀው ትልቅ ፊደልና ደማቅ ቀለም ነው፤ ያን መስጠት የሚችለው የመተግበሪያው ሠሪ ነው። ከዓይነ ስውርነቱም ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ የመጣ፣ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ነው።

መምህሩ ሲመልሱ

ልጄ፣ እኔ የሞራ ግርዶሽ የለብኝም።

ስለ ቁልፍ ስንሟገት ዓይኔን ልታሳክሚ ሄድሽ። አውቀዋለሁ ይህን። መቱ መናኸሪያ ቆሜ መኪና ስጠብቅ የማላውቀው ሰው ቀርቦ "አይታከምም ወይ?" ይለኛል። አንዱ ጸበል ይመክረኛል፣ አንዱ ፓስተር፣ አንዱ ሼክ፣ አንዱ ህንድ አገር። መኪናው የት እንደሚሄድ የሚነግረኝ ግን የለም። አንቺም ስታቲስቲክስ ይዘሽ መጣሽ እንጂ ያው ነሽ።

"ለጥቃት የተጋለጡ" ያልሽውንም ደግሜ ደጋግሜ አስነበብሁት። የሱቁ ልጅ የሚስጥር ቁጥሬን ሲያስገባልኝ፣ ከሱ በኋላ ታናሽ ወንድሙ፣ ከሱ በኋላ ተከራዩ፣ ያን ጊዜ ተጋልጠሃል ያለኝ ባለሙያ አልነበረም። ለሦስት ሰው የተነገረ ሚስጥር አያስፈራም፤ ራሴ ልጠብቀው ስል ግን ሲንጋፖር ትጠቀሳለች። የሲንጋፖርን ነገር አላውቅም። የማውቀው፣ የተማሪዬን ሥራ መጠቀም ከጀመርሁበት ካለፈው መስከረም ወዲህ ቁጥሬን ለማንም ነግሬ እንደማላውቅ ነው።

ባለሙያዋ ስትመልስ

ስለ ሞራ ግርዶሹ ይቅርታ፣ መምህር። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እዚያ ቦታ መግባቱ ልክ አልነበረም።

"አዲስ አበባ ሆኖ መፍራት ቀላል ነው" ያሉት ግን እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል። አያቴ በደሌ ናት። አንድ ቀን "ሽልማት ደርሶዎታል፣ እናቴ" የሚል ልጅ ደወለላት። ትህትናው ለጉድ ነበር። "ይህን ይጫኑ፣ አሁን ይህን ይጫኑ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" እያለ የዓመቱን የቡና ሽያጭ፣ 18,000 ብር፣ ወሰደው። የአያቴ ዓይን ደህና ነው፤ ቁልፎቹም ሁሉ ስም ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች፤ ስንደውልላት አታነሳም። እና ፍርሃቴን ከቦሌ ያመጣሁት አይደለም።

ኦኔሲሞስን ባይጠሩት ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ያሳተመውን ማንም ገልጦ ያየዋል። ተማሪዎ በቶክባክ ላይ የጨመረውን ግን ከራሱ በቀር ያየ የለም። ልጁን አልጠረጠርኩም። ነገ ስልኩን የሚሰርቀውን፣ ወይም ፋይሉን ቀይሮ በዚያው ስም ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈውን ነው የምለው።

ኮዱን ይላክልኝ። መጀመሪያ የማየው የኢንተርኔት ፈቃድ እንዳለው ነው፤ ካለው አወጣዋለሁ። ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ያነበበውን ይዞ የሚወጣበት በር ከሌለው ግማሽ ስጋቴ ይቀልልኛል። ያኔ ግን መቱ ላይ የወጣው የቁልፍ ስም ጎሬና ያዮ በራሱ አይደርስም፤ ሰው በሜሞሪ ካርድ ወይም በዜንደር እየዞረ ማድረስ አለበት። ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ።

ስለዚያ ስለ ራሴ ገጽ፦ ከ14 ቁልፎች 9ኙ ስም አልነበራቸውም። ሰባቱን በዚያው ቀን ሰይሜያቸዋለሁ፤ ከምሳ በፊት አለቀ። ሁለቱ የሌላ ክፍል ሥራ ስለሆኑ መንካት አልችልም። ደብዳቤ ጽፌ መልስ እየጠበቅኩ ነው።