ስፖርታዊ ጨዋነት የተሸናፊ መጽናኛ አይደለም



በዚህ ዘመን ስለ ስፖርት ወሬ በተነሣ ቁጥር የምትደጋገም አንዲት አባባል አለች፦ «ጨዋነት ለሰፈር ጨዋታ ነው፤ ፕሮፌሽናል ከሆንክ ዋናው ማሸነፍ ነው።» ዳኛ አታሎ ፍጹም ቅጣት ምት ያገኘው ተጫዋች «ብልጥ» ይባላል። ዕድሜውን ቀንሶ ከታዳጊዎች ጋር የሮጠው «ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው» ይባልለታል። በንጽሕና ሮጦ አራተኛ የወጣው ደግሞ «ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ ምስጋናው እንደ ማስተዛዘኛ ነው።

እኛ ይህችን አባባል እንቃወማለን። የምንቃወማት ማሸነፍን ስለምንጠላ አይደለም። ማሸነፍ የማይፈልግ ሰው ወደ ውድድር ባይገባ ይሻለዋል። የምንቃወማት ውሸት ስለሆነች፣ ውሸትነቷም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ድሃውን ወጣት ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ግን የተቃራኒውን ወገን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ እንስማው።

የመንዝንና የግሼን ደጋ አስቡ። ብዙው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ውርጭ ገብሱን የሚመታበት፣ መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ያለቀበት አገር ነው። ወደ መርሐቤቴ ብንወርድም ወጣቱ ያው ጥያቄ አለበት፦ ከዚህ በምን እወጣለሁ? ዳገት እየወጣና ቁልቁለት እየወረደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ አንድ ቀን ሯጭ ሆኖ የቤተሰቡን ሕይወት ሊለውጥ እንደሚችል ሰምቷል። ለዚህ ልጅ ሩጫ መዝናኛ አይደለም። ክለብ ከያዘው ደመወዝ አለው፤ ውጭ አገር አንድ ማራቶን ካሸነፈ ለእናቱ ቤት ይሠራል። ተከራካሪዎቻችን እንግዲህ እንዲህ ይላሉ፦ «ይህን ልጅ ስለ ጨዋነት መስበክ የጥጋበኛ ወሬ ነው። መጀመሪያ ይብላ።»

ክርክሩ ግማሹ እውነት ነው። የልጁ ረኃብ እውነት ነው። ሐሰቱ የሚጀምረው «ስለዚህ ሕጉ ይላላ» ሲባል ነው። ሕጉ ሲላላ ማን ይጠቀማል? ዕድሜው በወረቀት ላይ ተቀንሶለት ከ18 ዓመት በታች የሚሮጠው የ22 ዓመት ጎልማሳ የማንን ቦታ ነው የያዘው? የእውነተኛውን የ16 ዓመት የመንዝ ልጅ ቦታ ነው። አበረታች መድኃኒት ለመግዛት፣ የሚመክር ሐኪምና የሚሸፍን ወኪል ለመያዝ ገንዘብ ያለው ማን ነው? ሳንባውና እግሩ ብቻ ያለው የገበሬ ልጅ አይደለም። ማጭበርበር የድሃ መውጫ መሰላል ይመስላል እንጂ መሰላሉን የሚነቅለው እሱ ነው።

ይህን ነገር የመንዝ ሰው ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። በመንዝ ጌራ ያለው የጓሳ ቦታ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ለብዙ ዘመን «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ጌጥ አልነበረም፤ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ቀን የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። ልክ ዛሬ ሩጫ ለደሃው ልጅ እንደሆነው ማለት ነው። ታዲያ አባቶቻችን «ችግረኞች ነንና ሥርዓቱ ይቅርብን» አላሉም። ችግረኞች ስለነበሩ ነው ሥርዓቱን ያጠበቁት። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ የሆነውም ይታወቃል፦ ሁሉም ቀድሞ ለማጨድ ተሽቀዳደመ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ዳግም ተደራጅቶ መጠበቅ ስለጀመረ ነው ዛሬ ጓሳን ለማየት ሰው ከሩቅ የሚመጣው።

ልብ በሉ፣ ቀሮ ማጨድን አልከለከለም። የከለከለው ከቀኑ በፊት፣ ሰው ሳያይ መግባትን ነው። ስፖርታዊ ጨዋነትም እንዲሁ ነው። «አታሸንፍ» አይልህም፤ «ከፉክክሩ ውጭ በሆነ መንገድ አትውሰድ» ይልሃል። አሸናፊው ለተሸናፊው የሚጥልለት ምጽዋት አይደለም፤ ሁላችንም የምናጭድበት መስክ አጥር ነው።

«ጨዋ ሰው ግን አያሸንፍም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሱ የራሳችን አገር ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። በአትላንታና በሲድኒ በዚሁ ርቀት ወርቅ የወሰደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጅማት ጉዳት እየተሠቃየ ተሰልፏል። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ወደ ኋላ እያዩ፣ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ጠበቁት። ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ታዲያ የጠበቁት ምን ጎደለባቸው? ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ።

«የአገራቸው ልጅ ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ደራርቱ ቱሉን እናንሣለት። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶን ላይ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ይዟት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዘወር ብላ «ነይ፣ በርቺ» አለቻት። ፓውላ መከተል አልቻለችም፤ ደራርቱ ቀጥላ በ37 ዓመቷ ውድድሩን አሸነፈች። ከዚያ 17 ዓመት በፊት ደግሞ ባርሴሎና ላይ፣ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘችበት ቀን፣ ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞረዋል። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተገልላ ከቆየች በኋላ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ጥቁሯ አፍሪካዊት ነጯን ተፎካካሪዋን ያቀፈችው ካሸነፈቻት በኋላ እንጂ ድሉን ለቅቃላት አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨዋነት «መልቀቅ» የሚመስላቸው ሰዎች አሉና። በሚያዝያ ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) ቤጂንግ ውስጥ በተካሄደ ግማሽ ማራቶን ሁለት ኬንያውያንና አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጮች በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ በእጃቸውም ምልክት እየሰጡ ቻይናዊውን ሯጭ ሲያሳልፉት ዓለም በቪዲዮ አይቷል። ምርመራ ተደርጎ የአራቱም ውጤት ተሰረዘ፤ ሽልማቱም ተመለሰ። አቴንስም ፍጥነት መቀነስ ነበር፣ ቤጂንግም ፍጥነት መቀነስ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? በአቴንስ ሁለቱ ወንድማቸውን ጠበቁ፣ ውድድሩን ግን አልሸጡም፤ ፍርዱን የሰጠው የእግር ጉልበት ነው። በቤጂንግ ግን ፍርዱ ከመስመሩ በፊት አልቆ ነበር። ተመልካቹ እውነተኛ ፉክክር አያለሁ ብሎ የተታለለበት ነገር ደግነት ሊባል አይችልም። እንግዲህ ጨዋነትና ፉክክር ጠላቶች አይደሉም። የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፤ እሱም ማታለል ነው።

ከመንዝ ደጋ ብዙም በማይርቀው የሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በምትባል ቦታ የተወለደውን አበበ ቢቂላንም እናስታውስ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው እንደ ጀማሪ ተራ ይዞ ቀስት ሲወረውር አስቡት። «ዋናው ማሸነፍ ነው» የሚል ሰው ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

አሁን ወደ ቁስሉ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የፀረ-ዶፒንግ አሠራራቸው አሳሳቢ ነው ብሎ በይፋ ከጠራቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ያኔ ነው አገራችን የፀረ-ዶፒንግ ተቋም ለማቋቋምና በሺህ የሚቆጠሩ ምርመራዎችን ለማካሄድ የተጣደፈችው። በ2017 አንድ የማራቶን ሯጭ በአበረታች መድኃኒት የተነሣ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በእግር ኳሱም በ2010 ዓ.ም. ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ለጊዜው እስከ መቋረጥ ደርሷል። ሯጩን ወህኒ ያስገባው፣ ዳኛውን ያስደበደበው፣ «ዋናው ማሸነፍ ነው» የምትለው ያቺው አባባል ናት። በካፌ ስትነገር ቀልድ ትመስላለች፤ ሜዳ ስትደርስ ግን ደም ታፈሳለች።

እዚህ ጋ ጣታችንን ወደ ተጫዋቾች ብቻ ከቀሰርን ፍርዳችን ጎደሎ ነው። ተመልካቹስ? ዛሬ በየከተማው የስፖርት ውርርድ ቤት ሞልቷል። ወጣቱ ኳስ የሚያየው ትኬቱን በእጁ ይዞ ነው። ገንዘቡን ያስያዘ ሰው የዳኛን ስሕተት እንደ ስሕተት ማየት አይችልም፤ እንደ ሌባ ነው የሚያየው። የተጋጣሚው ቆንጆ ጎል ደስ አይለውም፤ የራቱ ዋጋ ነው የተወሰደበት። ቁማር በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጎን ተጠቅሶ የተወገዘው በከንቱ አይደለም፤ እዚያው አንቀጽ አጠገብ በሰዎች መካከል ጠላትነትን እንደሚዘራም ተነግሯል። ይህን ለማየት ቅዳሜ ምሽት አንድ የውርርድ ቤት በር ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል።

ውድድር በእስልምና ነውር እንዳልሆነም ይታወቅ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሮጠዋል፤ አንዴ እሷ ቀድማቸዋለች፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው ቀድመዋታል። ዐድባእ የምትባለው ግመላቸው የማትቀደም ነበረች። አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት፤ ሶሓቦችም ከፋቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ በዚህ ዓለም ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ዝቅ ማለቱ የአላህ ሥርዓት መሆኑን አስተማሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ሽንፈትን እንዲህ የሚቀበል ሰው ሲያሸንፍም አይታበይም።

የአካባቢያችን ባህልም ይህን አይቃረንም። በደጋው አገር በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። በዓሉ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችን ይሆናል፦ ሜዳ ላይ ባለጸጋና ድሃ፣ አለቃና ምንዝር እኩል ናቸው፤ ከሜዳ ሲወጡም ቂም ይዞ መሄድ የለም።

በመጨረሻ አንድ መከራከሪያ ይቀራል፦ «ባለሥልጣኑ፣ አሠልጣኙ፣ ወኪሉ ሳይጠራ እኔ ብቻዬን ጨዋ ብሆን ምን ይጠቅማል?» የበላዮች መጠየቅ አለባቸው፤ ይህ አያጠያይቅም። አቴንስ ላይ ወደ ኋላ እያየ የጠበቀው ስለሺ ስኅን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ያን ቀን ያሳየውን በዕድሜ ማጭበርበርና በዶፒንግ ላይ በሥራ እንዲያሳየን የመጠየቅ መብት አለን። ነገር ግን የልጁን ዕድሜ በወረቀት ላይ የሚያስቀንሰው አባት ፌዴሬሽን አይደለም። በሰፈር ዋንጫ ከሌላ ከተማ ተጫዋች አምጥቶ በሐሰት ስም የሚያሰልፈው ልጅ ሚኒስትር አይደለም። ዳኛን በዘሩና በሃይማኖቱ የሚሰድበው ደጋፊ ወኪል አይደለም። እነዚህ እኛው ነን።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። በየሰፈራችን በምናዘጋጀው ውድድር የተጫዋቾች ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይለጠፍ። በሐሰት ዕድሜ ወይም በሐሰት ስም የተሰለፈበት ቡድን፣ የእኛም ቡድን ቢሆን፣ ዋንጫውን ይመልስ። ዳኛን የነካ ተጫዋች በዚያ ዓመት ውድድር ዳግም አይሰለፍ። የውርርድ ትኬት በኪሱ ያለ ወንድማችንን ሳናዋርድ፣ ለብቻው ይዘን እንምከረው። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ለሩጫ የሚነሣ ታዳጊ ካለ ደግሞ እውነተኛ ዕድሜውን ይዞ እንዲሄድ እናግዘው። ቢዘገይ ይዘግይ እንጂ የሚያገኘው ወርቅ ማንም መጥቶ የማይነጥቀው ይሆናል።

የጓሳ ሣር የቆየው ሁሉም ሰው መልአክ ስለሆነ አይደለም። ከቀኑ በፊት የገባውን «ብልጥ ነው» የሚለው ሰው ስላልነበረ ነው።