ጠበቃ ማስማማትንም ይወቅ





ጠበቃ ሲባል በችሎት ቆሞ አንቀጽ እየጠቀሰ ባላጋራውን የሚረታ ሰው ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን። እኔም ከአባታችን የቀረውን ቤት ከታላቅ እኅቴ ጋር መካፈል ተስኖኝ በከሰስኩ ጊዜ የፈለግሁት እንዲህ ያለ ነገር ዐዋቂ ነበር፤ አገኘሁም። ፍርድ ቤቱ ግን ነገሩ የወንድምና የእኅት መሆኑን አይቶ ወደ አስማሚ መራን። በአንዲት ጠባብ ክፍል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተቀመጥን ጠበቃዬ በዳኛ ፊት እንደቆሙ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሕጉን ይዘረዝሩ ጀመር። እኅቴንም በስሟ በመጥራት ፈንታ «ተከሳሽ» አሏት። እርሷም «አባቴን ሰባት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ዛሬ ተከሳሽ ተባልኩ?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

ጠበቃዬ የጠቀሱት ሕግ ትክክል ነበር። ነገር ግን «ከዚህ ቤት የሚያስፈልግህ ምንድን ነው?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ የምሻው ቤቱን ሳይሆን ድርሻዬን በገንዘብ መሆኑን፣ ቀስ በቀስ ቢከፈለኝም እንደሚበቃኝ በነገርኳቸው ነበር። እኅቴም የፈለገችው ልጇ ትምህርቱን እስኪጨርስ ከሠፈሩ እንዳትነሣና ድካሟ እንዲታወቅላት ብቻ እንደነበር የሰማሁት ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ፣ ያውም ከጎረቤት ነው።

የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን ያውቁበታል። ባላጋራዎቹን ለየብቻ ፈቀቅ አድርገው ያነጋግራሉ፤ በአደባባይ የማይነገረውንም በዚያ ይሰማሉ። ጠበቃስ ይህን ቢማር ምን ይቀንስበታል?

መስማማት ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3307 ተከራካሪዎች አንዱ ለሌላው ጥቂት ጥቂት በመተው ክርክራቸውን በውል ሊጨርሱ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በቁጥር 3312ም ይህ ውል በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ በማናቸውም ጊዜ መታረቅን ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተደንግጓል። በሩ ተከፍቷል፤ የሚገባበትን ሙያ ግን ሁሉም ጠበቃ አልያዘም።

ወደ አስማሚ የሚሄድ ጠበቃ ስምምነቱ ቢቀር ደንበኛው የሚጠብቀውን ጊዜ፣ ወጪና የሐራጅ ዋጋ አስቀድሞ አስልቶ ሊነግረው ይገባል። የሚተወውንና ፈጽሞ የማይተወውን ሳይለይ መግባት የለበትም። ከገባም በኋላ ጥቂት ተናግሮ ብዙ መስማት አለበት፤ ለክርክር የሠለጠነ አንደበት ይህ እንደሚከብደው አይቻለሁ። ሁሉ ነገር ይታረቅ ማለቴ ግን አይደለም። አንዱ ወገን በፍርሃት ወይም በችግር ተገዶ የሚፈርም ከሆነ ጠበቃው «አይሆንም» ብሎ ደንበኛውን ወደ ችሎት መመለስ ይኖርበታል።

እኛም ባለጉዳዮች አንድ ጥፋት አለብን። የውክልናውን ወረቀት ሳናነብ እንፈርማለን። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በደንበኛው ስም መታረቅ አይችልም። ስለዚህ ባለጉዳዩ ቢሮ ሥራ ይዞት ሲቀር፣ ጠበቃው ባዶ እጁን ተቀምጦ «ደንበኛዬን ልጠይቅ» እያለ ቀጠሮው ይባክናል።

የሕግ ትምህርት ቤቶችና የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር የመደራደርንና የማስማማትን ሙያ በቃል ብቻ ሳይሆን በልምምድ እንዲያስተምሩ አሳስባለሁ። እኅቴ ዛሬ በኪራይ ቤት፣ ከከተማው ዳር ናት። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ሄጄ ቡናውን የቀዳልኝ ልጇ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ