በሩን የዘጋው ማን ነው?

አንድ መተግበሪያ በዘመናዊ ስልክ እየሠራ በባለ ቁልፉ ስልክ ሳይገኝ ሲቀር፣ ሠሪዎቹ «ቴክኒኩ አይፈቅድም» ይላሉ። የገዳሪፍና የመተማ ታሪክ ግን ይህን ሰበብ ያፈርሰዋል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ፣ ኩባንያዎቿ ለሱዳናውያን ሶፍትዌር እንዳያቀርቡ ሲከለክል ኖረ። በ2015 ለግል መገናኛ መሣሪያዎች ፈቃድ ተሰጠ፤ በ2017 የንግድ ማዕቀቡ ተነሣ። በሩን የከፈተው አዲስ ስልክ ሳይሆን አዲስ ፊርማ ነበር።

ከድንበሩ ወዲያ ኢትዮ ቴሌኮም በ2021 ቴሌብርን ሲጀምር፣ ከመተግበሪያው ጎን *127# በመደወል በማናቸውም ስልክ እንዲሠራ አድርጎታል። ስለዚህ ይቻላል።

እርግጥ ለእያንዳንዱ የስልክ ዓይነት ለብቻው መጻፍ፣ መፈተንና ማደስ ወጪ አለው። ይሁን እንጂ ወጪን መፍራትና አለመቻል አንድ አይደሉም። ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት ሱዳን፣ ብዙ ሰው የዕለት ዳቦውን የሚገዛው በባንክ መተግበሪያ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛ በዚያ ገበያ መካከል ባዶ እጁን ይቆማል።

መተው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔም ባለቤት አለው። ባለቤቱ «ቴክኒክ» ከሚባል ስም ጀርባ ሊሸሸግ አይገባውም።